የተማሪው የንስሐ አባት ወዴት ነው? በወላይታ ሶዶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆቻችን ስለሚገባው መንፈሳዊ አገልግሎት

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ልጆቻቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ልጁ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው በትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ ሳለ ሲጨነቅ የሚያዳምጠው፣ ሲሳሳት የሚመልሰው፣ ስለ ሃይማኖቱ ሲጠየቅ የሚያግዘው መንፈሳዊ አባት ማን ነው? በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ደግሞ ጥያቄውን አንድ ርምጃ ያራምዱታል። በእነ አውስትራሊያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ‹‹ቻፕሊን›› የሚባል አገልጋይ ይመደባል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያንስ ለምን ካህን አትመድብም? ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ‹‹ይመደብ›› ወይም ‹‹አይመደብ›› በሚል አንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። የአገሪቱ ሕግ ምን እንደሚል፣ ቤተ ክርስቲያናችን መንፈሳዊ አባትነትን እንዴት እንደምትረዳው፣ በወላይታ ያለው ተማሪስ በእውነት የጎደለው ምን እንደ ሆነ ማየትን ይጠይቃል።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ‹‹ቻፕሊን›› የሚለው ስም የመጣው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቱሩ ቅዱስ ማርቲኖስ ታሪክ ነው። ቅዱሱ ገና ወታደር ሳለ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ድኻ ካባውን ለሁለት ከፍሎ እንደ ሰጠ ይነገራል። ከጊዜ በኋላ የፍራንክ ነገሥታት ያንን ካባ እንደ ቅዱስ ንዋይ ይዘው ሲዘምቱ፣ ካባውን የሚጠብቁት ካህናት በላቲን ቋንቋ በካባው ስም ተጠሩ፤ ስሙም ውሎ አድሮ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ በጦር ሰፈር፣ በሆስፒታል፣ በወኅኒ ቤትና በትምህርት ቤት ለሚያገለግል ሁሉ ሆነ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት የቅዱስ ጊዮርጊስን ታቦትና ካህናቱን ይዞ መዝመቱን የማያውቅ የለም። ካህን ምእመኑ ወዳለበት መሄዱ የቆየ ሥርዓታችን ነው። ጥያቄው ትምህርት ቤቱ ካህን የሚሄድበት ቦታ ነው ወይ? የሚለው ነው።

ሕጉ የዘጋውና ሕጉ የከፈተው

በቀድሞው ዘመን ካህን በትምህርት ቤት መታየቱ የተለመደ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ የቅብጥ ክርስቲያኖች ነበሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ግብረ ገብ በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አስተማሪዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ፤ በቦታውም የፖለቲካ ትምህርት ገባ። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ግብረ ገብ የሚል ትምህርት ተመልሶ ቢመጣም ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር ያልተያያዘ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ያዝዛል። ስለዚህ በአገራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅጽር ውስጥ በመንግሥት ደመወዝ የሚሠራ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን የምትመድበው ቋሚ ካህን ሊኖር አይችልም። የስብከት መርሐ ግብር በግቢ ውስጥ ማካሄድም አይፈቀድም።

ብዙዎቻችን የምናነበው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። አንቀጽ 27 ግን ይቀጥላል። አማኞች ሃይማኖታቸውን ለማስፋፋትና ለማደራጀት የሚያስችሏቸውን የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋማት ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በሌላ አነጋገር ሕጉ የትምህርት ቤቱን በር ዘግቶ ከበሩ ውጭ ያለውን መንገድ ሁሉ ክፍት ትቶልናል። ያንን መንገድ ምን ያህል ሄድንበት የሚለው የእኛ ሒሳብ ነው።

እዚህ ላይ አሳባችንን በግልጽ ማስቀመጥ እንወዳለን። ይህ ሕግ በወላይታ ላሉ ኦርቶዶክሳውያን ልጆች ጋሻ ነው ብለን እናምናለን። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት አንድ ሚሊዮን ተኩል ከሚሆነው የዞኑ ሕዝብ 71 በመቶ የሚሆነው ፕሮቴስታንት፣ 21 በመቶ የሚሆነው ኦርቶዶክሳዊ፣ ቀሪውም የካቶሊክና የሌሎች እምነቶች ተከታይ ነው። ትምህርት ቤት ለሃይማኖት አገልጋይ ይከፈት ቢባል የሚከፈተው ለሁሉም ነው። በአንድ የቦዲቲ ወይም የአረካ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከአምስት ልጆች አንዱ የእኛ በሆነበት ሁኔታ፣ በዕረፍት ሰዓት ልጁን የሚመክረው ‹‹መንፈሳዊ አገልጋይ›› የማን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በሌላ አካባቢ እኛ በምንበዛበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው የሙስሊም ወይም የፕሮቴስታንት ልጅ ወላጅም ይህንኑ ይሰጋል። ለራሳችን ልጅ የማንወድደውን ለሌላው ልጅ ልንመኝ አይገባንም።

ከሌላው ዓለም የምናየውም ጥንቃቄን የሚመክር ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 በጀመረው መርሐ ግብር ለአንድ ትምህርት ቤት በዓመት እስከ 20 ሺህ የአገሪቱ ዶላር እየከፈለ ቻፕሊኖችን አስቀጠረ። አንድ የተማሪዎች ወላጅ ጉዳዩን ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2014 የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘቡን ይከፍልበት የነበረው መንገድ ከሥልጣኑ ውጭ መሆኑን ወሰነ። ገንዘቡ በየክፍላተ ግዛቱ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ አገልግሎቱ ቀጠለ፤ ከቆይታ በኋላም ትምህርት ቤቶች ከሃይማኖት ጋር ያልተያያዘ ባለሙያ መቅጠር እንዲችሉ ተደረገ። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር በመርሐ ግብሩ ደንብ መሠረት ቻፕሊኑ ልጆችን ወደ እምነቱ መሳብ የተከለከለ መሆኑ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት በመሆኑ የአገልግሎቱን ወሰን የሚያበጀውም መንግሥት ሆነ። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ትምህርት ቤቶች ቻፕሊን እንዲቀጥሩ የሚፈቅድ ሕግ ሲወጣ ደግሞ ከተቃወሙት መካከል ከመቶ የሚበልጡ በሙያው የሚያገለግሉ ቻፕሊኖች ራሳቸው ነበሩ፤ በቂ ሥልጠና የሌለው ሰው በልጆች መካከል እንዳይገባ ሰግተው ነው። እንዲህ ያለ ካህን ለእኛ የምንመኘው ዓይነት አይደለም።

አባትነት ለተቋም ወይስ ለነፍስ?

ምዕራባውያን ቻፕሊንን የሚመድቡት ለተቋም ነው። ሆስፒታሉ ቻፕሊን አለው፤ ትምህርት ቤቱ ቻፕሊን አለው፤ ታማሚው ሲድን ወይም ተማሪው ሲመረቅ ግንኙነቱ ያበቃል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን የንስሐ አባት የሚያዘው ለሰው፣ አብዝቶም ለቤተ ሰብ ነው። አባቶቻችን ልጆቻቸውን የሚያውቁት ከክርስትናቸው ጀምሮ ነው፤ ቤት ይባርካሉ፣ በሕማም ይጠይቃሉ፣ በተዝካር ይገኛሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይሸመግላሉ። ይህ ከቻፕሊንነት የጠለቀ አባትነት ነው። ነገር ግን አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ልጁ ከቤቱ በራቀ ጊዜ ክሩ ይላላል።

ችግሩ የሚገኘው እዚህ ነው። ከጋሱባ፣ ከበሌ፣ ከጉኑኖ ወይም ከሁምቦ ገጠር ቀበሌዎች ወጥቶ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሶዶ የሚመጣውን ልጅ እንመልከት። ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ስንቁን በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ከቤቱ ያመጣል። በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ራሱን ያስተዳድራል፤ ሲታመም ራሱን ያስታምማል፤ መቼ እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ሰንበትን እንዴት እንደሚያሳልፍ የሚጠይቀው የለም። የንስሐ አባቱ በገጠሩ አጥቢያ ናቸው፤ ስልክ ቢኖራቸውም እንኳ ልጁ ሊደውል ያፍራል። በሶዶ ያሉት ካህናት ደግሞ አያውቁትም። በዚህ መካከል ያለው ክፍተት በሃይማኖት አገልጋይ ባይሞላ በሌላ ይሞላል። ጫት ቤቱና የቁማር ቤቱ ተማሪውን ለማግኘት ደብዳቤ አይጠብቁም። የእምነት ጓደኛ የሆኑለት ሌሎች ተማሪዎች ወደየራሳቸው ጉባኤ ቢጠሩትም የምንቀየመው እነርሱን ሊሆን አይገባም፤ ብቸኛን ልጅ መጥራት በጎ ነገር ነው፤ እኛ አስቀድመን አልጠራነውም እንጂ።

ከብላቴ የተገኘው መልስ

ቤተ ክርስቲያናችን ይህንን ክፍተት በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ደረጃ ከዘጋች ቆይታለች። የሚገርመው የታሪኩ አንዱ ምንጭ ከወላይታ ደጃፍ መገኘቱ ነው።

ከአብዮቱ በፊት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ‹‹ሃይማኖተ አበው›› የተባለው ማኅበር ነበር። በደርግ ዘመን እግዚአብሔር የለም የሚለው ትምህርት በየግቢው ሲናኝ፣ በ1982 ዓ.ም. ያረፉት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ከዚያም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ላከ። የብላቴ ወንዝ ወላይታን በምሥራቅ ከሲዳማ የሚለየው ወንዝ ነው። ከየአቅጣጫው የመጡት ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በማሠልጠኛው ውስጥ ተፈላልገው በአንድነት ይጸልዩ ጀመር። ያ መንግሥት በዚያው ዓመት ወደቀ፤ ተማሪዎቹም ተበተኑ። ወደየግቢያቸው ሲመለሱ ግን የጸሎቱን ኅብረት ይዘውት ተመለሱ። በዝዋይና በሌሎች ቦታዎች ከተሰባሰቡት ጋር ሆነውም በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ዛሬ ግቢ ጉባኤ የምንለው አገልግሎት ሥርዓት የያዘው በዚህ መልክ ነው።

ግቢ ጉባኤ በስሙ ‹‹ግቢ›› ይባል እንጂ ሥራው የሚከናወነው ከግቢው ውጭ ነው። ተማሪዎቹ ከትምህርት በኋላ በአቅራቢያቸው ወዳለው ደብር ይወጣሉ፤ በዚያም በየዓመታቸው ተከፍለው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርተ ሃይማኖት፣ ሥርዓት፣ ታሪክና የነገረ ቅዱሳን ትምህርት ይማራሉ። መዝሙር የሚያጠኑ፣ ነዳያንን የሚጠይቁ፣ ግእዝና ዜማ ተምረው ለዲቁና የሚበቁም አሉ። አዲስ ገቢ ተማሪ በመጣ ጊዜ ነባሮቹ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ሻንጣውን ተሸክመው ይቀበሉታል። የንስሐ አባት ያስይዙታል። ሲታመም ያስታምሙታል፤ ወላጁ ሲሞት መርዶውን የሚያረዱት፣ የሚያጽናኑትም እነርሱ ናቸው። ሲመረቅ ደግሞ በዐውደ ምሕረት መስቀል ተሰጥቶት ይሸኛል። ለዚህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲው አንድም ነገር አይጠየቅም፤ ሕገ መንግሥቱም አይነካም።

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲመሠረት ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ የመጡ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ልጆች ወደ ሶዶ መጡ። ለከተማዋ አድባራት ይህ ትልቅ በረከት ሆነ። የሰርክ ጉባኤው ሞላ፤ ማሕሌቱ ድምፅ አገኘ። የአካባቢው ተወላጆች የሆኑ ልጆችም በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር ተመድበው በዚያ ባሉ ግቢ ጉባኤያት እቅፍ ውስጥ ገቡ። አንድ የወላይታ እናት ልጇን ወደ ባሕር ዳር ስትልክ የማታውቀው አንድ የጎጃም ካህን ልጇን እንደሚጠብቅላት ታውቃለች፤ የጎጃሟም እናት እንዲሁ።

ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው። ለ20 ዓመት ወጣት ይህን ያህል የተዘጋጀን፣ ለ15 ዓመቱ ልጅ ምን አዘጋጀን?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ሸክም

መልሳችን ብዙ ጊዜ ‹‹ሰንበት ትምህርት ቤት አለ›› የሚል ነው። እውነት ነው። ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ሰንበት ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን መዋቅር አካል ነው። ነገር ግን ሰንበት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚሰበስበው የከተማውን ልጅ፣ ወላጁ እጁን ይዞ የሚያመጣውን ነው። ከገጠር የመጣው ተከራይ ተማሪ ነጭ ልብስ የለኝም ብሎ ያፍራል፤ እሑድ ደግሞ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤቱ የሚመላለስበት ቀን ነው። ትምህርት ቤቶች በፈረቃ በሚያስተምሩበት ጊዜ የጠዋቱ ልጅ ከሰዓት በኋላ፣ የከሰዓቱ ልጅ ጠዋት ነጻ ነው፤ የእኛ መርሐ ግብር ግን ሁሉንም በአንድ ሰዓት ይጠብቃል።

የፈተናው ነገርም አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ፣ ከተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች በቤተ ክርስቲያን ዓይን እናንብባቸው። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ውጤት ‹‹ወደቃችሁ›› ተብለዋል። በወላይታ ደግሞ መሬቱ ለም ቢሆንም የሕዝቡ ብዛት የአንድን ቤተ ሰብ ይዞታ እጅግ አጥብቦታል፤ ለብዙ ወላጅ የልጁ ትምህርት ብቸኛው ርስት ነው። ርስቱን ያጣ የመሰለው ልጅ ያን ዕለት ሌሊት ወደ ማን ይሂድ? ተስፋ መቁረጥ ነፍስን የሚገድል ፈተና መሆኑን ከአባቶች ተምረናል። ውጤት በሚወጣበት ሳምንት በሶዶ አድባራት ውስጥ ተማሪዎችን ብቻ የሚጠብቁ ካህናት ቢመደቡ፣ የበዓል ያህል ታስቦበት በዐውደ ምሕረት ቢነገር፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ነፍስ ይታደጋል።

የቋንቋው ጉዳይ

በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልንቆይ ግድ ነው። በወላይታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በወላይታ ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል ነው። ቋንቋው ለሕዝቡ ምን ያህል የልብ ነገር እንደ ሆነ ለማወቅ በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ ‹‹ወጋጎዳ›› በሚል የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ያስነሣውን ቁጣ ማስታወስ ይበቃል፤ በሶዶ ጎዳናዎች ላይ አስቀድመው የወጡት ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ። እንግዲህ ሒሳብን፣ ሳይንስን፣ ግብረ ገብን በእናቱ ቋንቋ የተማረ የ12 ዓመት ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ቅዳሴው በግእዝና በአማርኛ፣ ስብከቱ በአማርኛ፣ የጸሎት መጽሐፉም በማያነበው ፊደል ሲሆን ምን ይሰማዋል? ንስሐውንስ በየትኛው ቋንቋ ይናገር? ሰው ኃጢአቱን የሚናገረው፣ የሚያለቅሰውም በእናቱ ቋንቋ ነው።

ታሪክም እዚህ ላይ ይመክረናል። ከዳሞት ምድርና ከንጉሡ ከሞቶሎሚ ጋር በተያያዘው ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ አገር ወንጌልን ሰብከዋል፤ ክርስትና ለወላይታ የትናንት እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በ1887 ዓ.ም. ከተካሄደው ዘመቻ በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተተከሉት ከማዕከል ከመጣው አስተዳደር ጋር አብረው በመሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያንን የአገሬው ሳይሆን የመጤው አድርጎ የመመልከት ዝንባሌ ቀረ። የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ወደ ሶዶ የመጡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ትምህርታቸው እጅግ የተስፋፋው ግን እነርሱ በጣልያን ወረራ ምክንያት አገሩን ለቅቀው በወጡበት ዘመን፣ በአገሬው ሰዎች አፍ፣ በአገሬው ቋንቋ ነበር። ይህንን በቁጭት ብቻ ማንሣት አይጠቅመንም፤ ዘዴውን ማስተዋል ይሻላል። ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላ ቀርቦ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነበር (ሐዋ. 8)። የእኛም የመጀመሪያ ጥያቄ ልጁ ያስተውላልን? የሚል መሆን አለበት።

በወላይታ ቋንቋ የሚሰብኩ ካህናትና ዲያቆናት አሉ፤ መዝሙራትም ተዘጋጅተዋል። ቁጥራቸው ግን ከሥራው ስፋት ጋር አይመጣጠንም። የአካባቢውን ልጆች በአብነት ትምህርት ቤት አስተምሮ ለክህነት ማብቃት ዓመታት የሚወስድ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ከዚህ የሚቀርብ ሌላ መንገድ አናይም። የሌላውን አገር ሰባኪ በአስተርጓሚ ማስነገር ለጉባኤ ይሆን ይሆናል፤ ለንስሐ ግን አይሆንም።

ድጋፉ ምን ይመስላል?

‹‹ድጋፍ›› ሲባል አንዳንዶቻችን ለሕንጻና ለንዋየ ቅድሳት የምናደርገውን ብቻ እናስባለን። ጉልላት የሚያሠራ ምእመን ብዙ ነው፤ ለአንድ ካህን የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍን ግን ጥቂት ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አቅራቢያ ባለ አጥቢያ፣ የወላይታን ቋንቋ የሚናገር አንድ ካህን በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዱን ጠዋት አንዱን ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተቀምጦ ተማሪዎችን ቢቀበል ተማሪው አባት አገኘ ማለት ነው። ይህ ካህን ቤተ ሰብ አለው፤ ተዘዋውሮ ከሚያገለግልበት የሚያገኘው ይቀርበታል። ሰበካ ጉባኤው ወይም የአካባቢው ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ተባብረው ያንን ቢሸፍኑለት አገልግሎቱ ይቆማል፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ ቢተው ግን እስከ ጥምቀት ይዘልቅና ይቀዘቅዛል። ይህንን በብዙ ቦታ አይተነዋል።

የንባብ ቦታም ድጋፍ ነው። በተከራየው ክፍል መብራት የሌለው ተማሪ በሰበካ ጉባኤው አዳራሽ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እንዲያጠና ቢፈቀድለት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የግቢ ጉባኤ አባል ሒሳብና ፊዚክስ ቢያስረዳው፣ በመጨረሻም በጋራ ጸልየው ቢለያዩ ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣበት ምክንያት ያገኛል። ከሰሜን መጥቶ በሶዶ የሚማረው ወጣት ለአራት ዓመት የተቀበለውን ፍቅር ለአገሬው ልጅ የሚመልስበት መንገድም ይህ ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ኦርቶዶክሳውያን መምህራን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። መምህሩ በክፍል ውስጥ የሁሉም ልጆች መምህር ነው፤ ሃይማኖቱን በዚያ ሊሰብክ፣ የራሱን ወገን ሊያዳላ ሕጉም ሕሊናውም አይፈቅዱለትም። ነገር ግን የተጨነቀ ልጅ ሲያይ ከሌላው ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። የልጁን ወላጅ ጠርቶ ማነጋገር፣ በወላጁ ፈቃድም ከአጥቢያው ካህን ጋር ማገናኘት ይችላል። በየጾማቱ ወራት ልጁ ባዶ ሆዱን ደክሞት ቢያንቀላፋ ምክንያቱን የሚያውቅ መምህር መኖሩም ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ የንስሐ አባቱ እንደ ዐቅሙ እንዲጾም መምከር ይገባቸዋል።

አንድ ነገር በጽኑ ልናስገነዝብ እንወዳለን። ከልጆች ጋር የሚያገለግል ማንኛውም ሰው፣ ካህንም ይሁን መምህር ወይም ወጣት አገልጋይ፣ በግልጥ ቦታ፣ በሰበካ ጉባኤው ዕውቀትና በወላጆች ፈቃድ ሊያገለግል ይገባዋል። የንስሐው ምሥጢር የተጠበቀ ነው፤ ቦታው ግን ሌሎች ሰዎች ከርቀት የሚያዩት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንጂ የተዘጋ ክፍል ወይም የልጁ ኪራይ ቤት አይሆንም። ይህ ካህኑን ከሐሜት፣ ልጁንም ከጉዳት ይጠብቃል። ተማሪዎቹም በትምህርት ቤት ከሌሎች እምነት ተከታዮች ጋር በክርክር እንዳይጠመዱ መምከር ተገቢ ነው። ጥያቄ ያለበት ልጅ ጥያቄውን ጽፎ ለአባቱ ያምጣ፤ መልሱን ይዞ ይመለስ፤ በጓደኝነቱ ግን ይጽና።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ይበዛል፤ የገጠሩ ልጅም ወደ ከተማዋ መምጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ሥራውን ለመጀመር የተሻለው ጊዜ ምዝገባ የሚካሄድበት ወቅት ነው። የገጠር አጥቢያ ካህናት በነሐሴና በመስከረም ወደ ሶዶ የሚሄዱትን ልጆች ስም ይዘው፣ ተቀባይ ለሚሆነው የከተማ አጥቢያ አጭር የመሸኛ ደብዳቤ ቢጽፉ ክሩ ሳይበጠስ ይቀጥላል። በደብዳቤው ላይ የሚያስፈልገው የልጁ የክርስትና ስም፣ የወላጁ ስልክ፣ የሚማርበት ትምህርት ቤትና ፈረቃው፣ የሚቀልለው ቋንቋ፣ እንዲሁም የንስሐ አባቱ ስም ነው፤ ደብዳቤውንም ከልጁ ይልቅ ስንቅ ይዞ የሚሄደው ወላጅ ቢያደርሰው ይሻላል።